ወደ ግራ የሚዞር ወፍጮ

ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የዓይን ሐኪሙ "በየቀኑ ምን እንዳዩና ምን እንዳላዩ ይጻፉ" ስላለ ነው። የሚያየው አባባ፣ የምጽፈው እኔ።

እይታው ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ክብ ሠርቶ ቀስ እያለ አጠበበው። የት ላይ እንደሚቆም ሳያሳየን ስልኩ ጮኸና በዚያው ጣት አነሣው። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። "ዝናቡ ሲያልፍ እንደገና እንለካለን" አለን።

ከአባባ ጋር ቤት ደረስን። በር ላይ ጫማውን እያወለቀ፣ "እንግዲህ ዓይኔ ሳይዘጋ የተወለድኩበትን ወፍጮ አሳዩኝ" አለ። ዳቦ ግዢልኝ በሚልበት ድምፅ ነው ያለው።

ዛሬ ያየው፦ ደረጃው ላይ የወደቀች ትንሽ አዝራር። ያላየው፦ አጠገቡ ቆማ ሰላም ያለችውን ጎረቤታችንን። ጎረቤታችን ትንሽ አይደለችም።

ማክሰኞ፣ ከእራት በኋላ

የምናውቀውን ልጻፍ፤ ብዙ ቦታ አይወስድም። አባባ አራት ዓመት ሳይሞላው እናቱ አዝላ ከአንድ የወንዝ ዳር ወፍጮ ቤት ወደ ከተማ አመጣችው። ባሏ መንገድ ላይ ታሞ ሞተ ብላለች። የትኛው ወፍጮ እንደሆነ፣ የእነማን እንደነበረ፣ ለምን ትተውት እንደወጡ ሳትናገር እሷም አለፈች። ወንዙ የታወቀ ነው፤ ከከተማችን በላይ ካለው ተራራ የሚወርደው ነው። የድሮ የውሃ ወፍጮዎች ዛሬም ዳሩ ላይ እዚህም እዚያም አሉ።

አባባ የሚያስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ተኝቶ ሳለ የሚያየው ወደ ግራ የሚዞር ትልቅ ድንጋይ። ሁለተኛ፣ ከተኛበት አናቱ ላይ ባለው እንጨት ውስጥ አራት ቀዳዳ ያለው አዝራር የሚመስል ምልክት። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ስለነበረ አዝራሩን ማንም አላመነውም።

"ለምንድነው አሁን?" አልኩት።

"ዘመድ ካለኝ ፊታቸውን ልየው። ድምፃቸውንማ በኋላም እሰማዋለሁ።"

ሳህኖቹን ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

ረቡዕ

ሥራ በዝቷል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እኔ አራሚ ነኝ፤ ሰው የጻፈውን አነባለሁ፣ የተሳሳተውን አቃናለሁ። አሁን የያዝኩት ስለ ደስተኛ ቤተሰብ የሚመክር መጽሐፍ ነው። ደራሲው "በወንድማማቾች መካከል ቅሬታ፣ ከሦስት ቀን በላይ ማደር የለበትም" ይላል። ነጠላ ሰረዙን አወጣሁት። ሌላ ስሕተት አላገኘሁበትም።

ወንድሜ ጠብታውን በሚስቱ እጅ ልኮልናል። ታናሼ ነው፤ የጭነት መኪና አለው። በየቅዳሜው አባባን ሊያናፍስ ይመጣል፤ ታች ሆኖ ጥሩንባ ይነፋል እንጂ ደረጃውን አይወጣም። እማማ ያረፈች ጊዜ የምግብ ጠረጴዛውን እሱ፣ ወንበሮቹን እኔ ወሰድን። እንዴት እንደዚያ እንደተከፋፈልን አሁን ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ያን ዕለት ግን ሁለታችንም ፍትሕ የተፈጸመ መስሎን ነበር። ወንበሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ተሰልፈዋል። ቤቴ የሚገባ ሰው እንደ ሐኪም ቤት ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል።

ያየው፦ መርፌ፣ ከነቀዳዳው። ያላየው፦ የበሩን ዳር። ትከሻው ሰንበር አውጥቷል።

እሑድ

መጀመሪያ ለከተማ ቅርብ ወደ ሆነው ወፍጮ ሄድን። ባለወፍጮው የጆሮው ፀጉር ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ነው። ደግነቱ ድንጋዩን እየወቀረ ሳለ ደረስን። ድንጋይ ሲፈጭ ውሎ ሲያድር ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የላይኛው ተነሥቶ ይገለበጥና ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱት ፈሮቹ በመሮ ይታደሳሉ። እህሉን እየገፉ ወደ ውጭ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። አባባ አስፈቅዶ ፈሮቹን በጣቱ ዳሰሰ፣ እንደ ጨርቅ።

"ወደ ግራ የሚዞር ወፍጮ ያውቃሉ?" አልኩ።

"በዚህ ወንዝ ላይ ወፍጮ የተባለ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፣ ልጄ።"

"ሁሉም?"

"ወፍጮ የተባለ ሁሉ።"

ከእሱ ጋር ስከራከር አባባ ሰልችቶት ወጣ። ስወጣ ደጃፉ ላይ ጭቃ መጥረጊያ የሆነ አሮጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዙሪያውን ይደባብሰዋል።

"ይሄኛው ፈሩ በተቃራኒው ነው" አለኝ። "የወቀረው ሰውዬ እጅጌ ገልብጦ የሚሰፋ ዓይነት ነው።"

"አባባ ተነሥ፣ ይበርድሃል።"

ባለወፍጮው ድንጋዩ የእሱ እንዳልሆነ፣ በአያቱ ጊዜ አንድ መንገደኛ እመለሳለሁ ብሎ ትቶት እንደሄደ ነገረን። የአባባ ሱሪ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ዛሬ ምንም አላገኘንም።

ማክሰኞ፣ አባባ ከተኛ በኋላ

አገኘሁት። የታየኝ ጥርሴን ስቦርሽ ነው።

ወፍጮዎቹ በሙሉ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። አባባ ግን ወደ ግራ ይላል። አባባ አይዋሽም፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ግራና ቀኙን አይስትም። እንግዲህ ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። ወደ ቀኝ የሚዞር ነገር ከሥር ሽቅብ ሲታይ ወደ ግራ ይዞራል፤ በሻይ ብርጭቆና በማንኪያ ሞክሬዋለሁ። ደግሞም አዝራር የሚመስለው ምልክት ያለበት እንጨት አናቱ ላይ ነበር ብሏል። እንጨት አናቱ ላይ ከሆነ ያ እንጨት ወለሉ ነው። ሕፃኑ ከወፍጮ ቤቱ ወለል ሥር፣ ውሃው መዘውሩን ከሚመታበት ክፍል ተኝቶ ሽቅብ ያይ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የምንፈልገው ወደ ግራ የሚዞር ወፍጮ አይደለም። ወደ ቀኝ የሚዞር፣ እንደ ማንኛውም ወፍጮ ያለ ወፍጮ ነው። ይህ ፍለጋውን በጥቂቱ ያሰፋዋል።

ጠዋት የጨመርኩት፦ ለአባባ ስነግረው ሻዩን እያማሰለ ሰማኝና፣ "እኔ ግራ ነው ያልኩት" አለ።

ዓርብ

ደመና። ሥራ ላይ ወረቀት ስቀበል ከመጋረጃው ጀርባ ሁለቱ ፊደል ለቃሚዎች፦

"ዛሬም አርፍዳ ገባች።"

"ወፍጮ ስትፈልግ ነው አሉ።"

"ምን ልታስፈጭ?"

ማታ የወንድሜ ሚስት ደወለች። "እትዬ፣ እኔ የለሁበትም፤ በይ ያለኝን ነው የምለው። አባባን በዚህ ዝናብ ጭቃ ለጭቃ አታንከራቺው፣ እኔ በመኪና እወስደዋለሁ ብሏል።"

"የጠየቀው ሰው እንደሌለ ንገሪልኝ።"

"መንገሩ ቀርቶብኛል፤ ስልኩ ተከፍቶ እየሰማ ነው።"

ከወዲያ ወንድሜ ሲስል ሰማሁ። ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ። ዝንጅብል አፍልታ ትስጠው ልል ነበር።

እሑድ

ሁለተኛው ወፍጮ ጣሪያ የለውም፤ ፍየሎች ይኖሩበታል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ሞተር ተተክቷል፤ ግን የድሮው መዘውር ከሥር አለ አሉኝ። ወለሉ ምን ያህል ከፍታ እንዳለው ስጠይቅ፣ የአባባን እጅ ለቀቅሁ። ደረጃው አንድ ነበር። አንድ ደረጃ ብቻ። አላየውም።

ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። አልተሰበረም። እጁን መልቀቅ አልነበረብኝም። ያን ጊዜ የማወራው ስለ ወለል ነበር።

ያላየው፦ ደረጃውን።

ሰኞ

ወንድሜ ደረጃውን ወጣ። በሩን ስከፍት ልክ እንደ አባባ ቁልቁል ጫማውን እያየ ቆሟል።

"ልትገድይው ነው?"

"ወለም ብሎት ነው።"

"እትዬ፣ አባባ ግራ ካለ ግራ ነው። ምን አስተረጎመሽ? አንቺ ሰው ያለሽን አትሰሚም፤ ሊል የፈለገውን ታርሚለታለሽ።"

"ማስረጃው እኮ..."

"በማንኪያ የሞከርሽው? ነግሮኛል።"

በትከሻዬ በኩል አሻግሮ የተሰለፉትን ወንበሮች አየ። እኔ ግባ አላልኩትም፤ እሱም ልግባ አላለም። አባባ ከውስጥ "ማነው?" ሲል ሁለታችንም እኩል "ማንም የለም" አልን። ከዚያ ጎን ለጎን ቆመን አፈርን።

ረቡዕ

ሥራ። ጠብታ። የደስተኛ ቤተሰብ ሰባተኛ ምዕራፍ፣ "ይቅርታ የጠንካሮች ነው"። አንድ ፊደል ወድቆበታል።

አባባ የሻዩን ብርጭቆ በመዳፉ ፈልጎ ነው ያገኘው። እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እሱም እንዳላየሁት አድርጎ ጠጣ። ደራሲው ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው አላውቅም።

ቅዳሜ

አባባን ከወንድሜ ጋር ትቼ ብቻዬን ወደ አራተኛው ወፍጮ ሄድኩ። ባለወፍጮዋ ክንዷ የጎለበተ፣ ሳቋ ከመዘውሩ የሚበልጥ ሴት ናት። ከወለሉ ሥር ገብቼ ተኝቼ ማየት እንደምፈልግ ስነግራት ለጊዜው ሳቋን ዋጠችው።

"እትዬ፣ ጤና ነሽ?"

"ለጥናት ነው።"

ገባሁ። ጨለማ ነው። ውሃው መዘውሩን እየመታ በአፍንጫዬም በጆሮዬም ይገባል። በጀርባዬ ተኛሁ። ድንጋይ አይታይም፣ አዝራር አይታይም፣ የራሴ እጅ አይታይም። ሕፃን አይደለም እንቁራሪት አይተኛበትም። ሐሳቡን ጥርሴን ስቦርሽ ያገኘሁት መሆኑ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ስወጣ ባለወፍጮዋ ጆንያ አለበሰችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት። አሁን ሳቋ አልተዋጠም።

"ወደ ግራ የሚዞር? የግልብጦቹ ነዋ!"

"የማን?"

ነገረችኝ። ተራራው ሥር፣ ከሁሉም በላይ ያለው ወፍጮ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ድንጋዩን አዲስ ሲወቅር ፈሩን በተቃራኒው ወቀረው። ውሃው ሲለቀቅ እህሉ ወደ ዳር መውጣቱን ትቶ መሃል ላይ ተከመረ። አገር ሳቀበት። አፍርሰህ እንደገና ወቅረው አሉት። እሱ ግን ድንጋዩ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው ውሃው ነው አለ። አንድ በጋ ሙሉ ቆፍሮ ቦዩን በቤቱ ማዶ አዞረና መዘውሩን ወደ ግራ አስኬደው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ፈጨ። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም እንደዚያው። ስማቸውም ግልብጦቹ ሆኖ ቀረ። እዚህ አካባቢ አንድ ሰው ችክ ካለ ቦይ ቆፋሪ ነው የሚባለው።"

አውቶቡስ ውስጥ ከአጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ፤ ውሃ እየተንጠባጠብኩ ነበር። መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ሰውዬ አሰብኩ። መሮ አንሥቶ አንድ ሳምንት ከመውቀር ወንዝ ማዞር። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል?

ሰኞ

አውቶቡስ እዚያ ድረስ አይሄድም። መኪና ያስፈልጋል።

ማክሰኞ

መኪና ያስፈልጋል።

ረቡዕ

አባባ ዛሬ መስኮት ላይ ቆሞ፣ "ዝናቡ እየቀለለ ነው አይደል?" አለኝ። በድምፁ ነው ያወቀው።

ደወልኩ። ለሚስቱ አይደለም።

"ሃሎ" አለ።

"ግራ ነበር" አልኩ።

የመኪናው ቁልፍ ሲንኳኳ ሰማሁ። "ስንት ሰዓት ልምጣ?"

እሑድ፣ ረጅም

ሦስታችን ፊት ተቀመጥን፤ አባባ መሃል። መንገዱን ሙሉ ሁለታችንም የምናወራው ከአባባ ጋር ነው።

"አባባ፣ ቀዝቅዞህ ከሆነ መስኮቱን ይዝጋው።"

"አባባ፣ ንገራት፣ የሚዘጋው በእሷ በኩል ነው።"

"እኔ ዓይኔን ነው ያመመኝ" አለ አባባ፣ "እናንተን ምን ነካችሁ?"

ወፍጮው የድንጋይ ቤት ነው፤ ግማሹ ተራራው ውስጥ የገባ ይመስላል። ድምፅ አልነበረውም። በሩን የከፈተችው ቀጭን፣ ቀጥ ያለች አሮጊት ናት። አባባን አየችው። አባባም አገጩን ዝቅ ከፍ እያደረገ በዚያ በቀረችው ክብ ውስጥ ፊቷን ፈለገ። አፍንጫቸው አንድ ነው። እኔም ወንድሜም ሳናስበው የየራሳችንን ነካን።

አባባ የእናቱን ስም ተናገረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

አሮጊቷ በሩን ተደገፈች። "ትናከስ ነበር" አለችው። "ይሄው እዚህ ጋ ነክሰኸኛል።" ክንዷን አሳየችው። ምንም አይታይም፤ አባባ ግን ጎንበስ ብሎ አየ።

የአጎቱ ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ባል የላትም፣ ልጆቿ ሩቅ ናቸው፣ ወፍጮው ዝም ካለ ቆይቷል። አባባ ወሬውን አላስጨረሳትም። ወደ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ እየጠቆመ፣ "ቆጡስ?" አለ። በድንጋዩ ትክክል፣ ከጣሪያው ሥር እህል የሚቀመጥበት የእንጨት ቆጥ አለ። ልጆች ሲያስቸግሩ እናቶች እዚያ አውጥተው ያስተኟቸው ነበር። ወንድሜ በመሰላል ወጥቶ በባትሪ አበራ።

"እትዬ" አለ ከላይ። ድምፁ ልክ አልነበረም። "ጣሪያው ማገር ላይ ነው። አራት ቀዳዳ አለው።"

"አባባ" አልኩ፣ "ተኝተህ የነበረው ቆጥ ላይ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም። ከወለል ሥር ነህ ነው ያልሽኝ።"

ከዚያ አሮጊቷ ነገረችን። የእሷ አባትና የአባባ አባት ወንድማማቾች ነበሩ። ወፍጮው ለሁለቱ በውርስ ደረሰ። በምን እንደተጣሉ አታውቅም፤ እነሱም በኋላ የሚያውቁት አይመስላትም። አጎቷ የላይኛውን ድንጋይ በጋሪ ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወረደ። አባቷ የታችኛውን ይዞ ቀረ።

"አንዱ ያለ ሌላው አይፈጭም እኮ" አለ ወንድሜ።

"አይፈጭም። ግን ሁለቱም አሸንፈዋል።"

ወንድሜ ጣሪያውን ያይ ነበር፣ እኔ ጫማዬን።

አባቷ ሌላ የላይኛ ድንጋይ አስወቀረ። እሱ አሁን ሳስቶ ተሰንጥቋል። በተቃራኒው የሚወቅርላት ሰው ደግሞ ጠፋ፤ የመጣው ሁሉ ቦዩን ካላዞርሽ አልነካውም ይላል። እሷ ቦዩን አታዞርም።

"የላይኛው የት እንደደረሰ ባውቅ" አለች።

"አውቀዋለሁ" አለ አባባ። "ተቀምጬበታለሁ። ይቺ ይበርድሃል ብላ አስነሣችኝ።"

ማክሰኞ

ሥራ ቀረሁ። አለቃዬ "ደግሞ ምን ተገኘ?" ሲል "ድንጋይ" አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ባለወፍጮ ዘንድ ከወንድሜ ጋር ሄድኩ። መንገደኛው ምን ሆነ አልኩት። አያቱ ይሉ እንደነበረው ሳል ነበረበት፤ ጋሪው ሲሰበርበት ድንጋዩን አራግፎ፣ ሚስቱንና ሕፃኑን ይዞ በእግሩ ወደ ከተማ ሄደ። የአባባ እናት "መንገድ ላይ ሞተ" ያለችው መንገድ ይሄ ነው። ከከተማው ዳር አንድ ሰዓት የማይሞላ።

"የግልብጦቹን ወፍጮ ለምን አልነገሩኝም?"

"ስለ ወፍጮ ነው የጠየቅሽኝ" አለ። "ያ ወፍጮ አይባልም።"

ድንጋዩን ለመልቀቅ ግን አንገራገረ። "ሰው በምን ላይ ጭቃውን ይጥረግ?" ወንድሜ ጠፍጣፋ አዲስ ድንጋይ አመጣልዎታለሁ አለው። ሽማግሌው የወንድሜን አፍንጫ ትኩር ብሎ አየና እሺ አለ።

ቅዳሜ

ስንጭን ዋልን። ሳንቃ። ገመድ። ሁለት ጎረምሳ ተሸካሚዎች፣ ወንድሜ፣ እኔ።

"እትዬ፣ ወደ ግራ ግፊ።"

"በማን ግራ?"

"በአባባ ግራ!"

ወጣ። ወገቤ የለም። ወንድሜ ዱቄትና ጭቃ ለብሶ፣ የመኪናው ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲስቅ አየሁት። እማማ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት አይመስለኝም፤ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ ታች ሆኖ ይስቅ ይሆናል።

ያየው (አባባ)፦ ድንጋዩ ሲነሣ ከሥሩ የተራወጡትን ጉንዳኖች። "የት ይሂዱ?" አለ።

እሑድ

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ድንጋዩን ግልብጦቹ ወፍጮ አደረስን፤ ባለ ሳቋ ባለወፍጮ ከእነ መሮዋ መጣች። ፈሩን እንዳለ አጥልቃ ወቀረችው፤ "እጄ እንቢ እያለኝ ነው" እያለች፣ እየተሳደበችና እየሳቀች። አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጥን። ሳንገፋው ቦታውን ያዘ።

አባባ ውሃው ከመለቀቁ በፊት ቆጥ ላይ ካልወጣሁ አለ። ሁላችንም አይሆንም አልን፤ አሮጊቷ፣ ባለወፍጮዋ፣ እኔ፣ ወንድሜ። አባባ ኮቱን ቆለፈና መሰላሉን ያዘ። ወንድሜ ከሥሩ እየገፋ፣ እኔ እጁን ይዤ ወጣን። እጁን አልለቀቅሁም። አባባ ከነኮቱ በሆዱ ተኛ፣ አገጩን በቆጡ ጫፍ ላይ አስደግፎ።

አሮጊቷ የቦዩን በር ከፍታ ውሃውን ለቀቀችው። መጀመሪያ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድንጋዩ አሰበ፣ አሰበ፣ ተነሣ።

ከላይ ሲታይ ድንጋዩ ክብ ነው፤ ለአባባ የቀረው ክብም ያን ያህል ነው። ሙሉውን አየው። ከዳሩ ምንም አልጎደለበትም።

"ወደ የት ነው የሚዞረው?" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።

"ወደ ግራ፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። አንቺ ማየትሽን ነው የጠየቅሁት።"

ዱቄቱ ሻካራ ነው። አሮጊቷ በመዳፏ ይዛ መጣችና ለአባባ አስዳሰሰችው። "ይጠራል" አለች። "ለመጀመሪያው ቀን ሁሌም እንደዚህ ነው፣ አሉ።" አባባ ዱቄቱን ትቶ ፊቷን ያይ ነበር።

ሐሙስ

ሐኪሙ ለካ። አልጠበበም፤ ባለበት ቆሟል። ለስንት ጊዜ እንደሚቆም አይናገርም፣ ግን በዚህ ጊዜ በሁለት ጣቱ የሠራውን ክብ ሳያጠብ ያዘው። ማስታወሻዬንም አየልኝ። "ስለ ዓይን የተጻፈው የቱ ጋ ነው?" አለ።

ማታ ጥሩንባ ተነፋ። ወንድሜ ከነሚስቱ፣ ከነጠረጴዛው። ወንበር ይዞ ከመሄድ ጠረጴዛ ይዞ መምጣት ይቀላል ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም፣ መኪናውም ባዶ ስለነበረ ነው፣ አለች ሚስቱ፤ እሷ የለችበትም።

ደረጃውን አወጣነው። መሃል ቤት አቆምነው። ወንበሮቹን ከግድግዳው አላቅቄ አስጠጋኋቸው። ተቀመጥን። ጉልበታችን በሙሉ ጠረጴዛውን መታ።

"ለምንድነው ያጠረው?" አልኩ።

ወንድሜ ጆሮውን አከከ። "ወንበር ስላልነበረኝ አጫጭር ገዛሁ። ስለዚህ እግሩን ቆረጥኩት።"

"ጠረጴዛውን?"

"ወንበሮቹ አዲስ ነበሩ።"

የወንበሮቹን እግር እንቁረጥ አለ። በእማማ ወንበር መጋዝ አይነካም አልኩ። ሚስቱ ሣቋን በመሃረብ ያዘች። ወንድሜ ወርዶ ከመኪናው አራት ቁራጭ እንጨት አመጣ፤ እኔ ጠረጴዛውን አነሣሁ፣ እሱ ተንበርክኮ በየእግሩ ሥር አስገባ። ትንሽ ይወዛወዛል። የደስተኛ ቤተሰብን የመጨረሻ እርማት ወረቀት አጥፌ በአራተኛው ሥር አደረግሁት፤ ቆመ።

አባባ ተቀመጠ። ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳሰሰው፣ ከዳር እስከ ዳር፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን እግር ተከትሎ እንጨቱን አገኘ።

"ምንድነው ይሄ?"

ነገርነው። እየተቋረጥን፣ እየተራረምን።

"ያው ናችኋ" አለ። "ቦዩን ነው ያዞራችሁት። በሉ ሻይ ቅዱ።"